ከውሻ ጋር ወደ አትክልት ሥፍራና ወደ ባሕር ዳርቻ፦ በእንግሊዝ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የአንድ ቀን ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

በእንግሊዝ ውሻ የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች በኦክቶበርና በኖቬምበር መጀመሪያ ቅዳሜ ማለዳ ተነሥተው ወደ ገጠር ይወጣሉ፤ ከእነርሱም ጥቂት የማይባሉት ያሰቡትን ሳያገኙ ይመለሳሉ። አንዱ የአትክልት ሥፍራው በር ላይ ደርሶ ውሻ እንደማይገባ ይነገረዋል። ሌላው ባሕሩ ዘንድ ሲደርስ ውሃው እስከ ድንጋዩ ግንብ ድረስ ሞልቶ የሚረገጥ መሬት ያጣል። አንዳንዱ ሳያስበው መሽቶበት ውሻውን በጨለማ እየተጣራ ይፈልጋል፤ አንዳንዱም ቤቱ ከገባ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስታውክ ውሻ ሲያስታምም ያድራል። ከእነዚህ ችግሮች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከቤት ሳይወጡ ነው፤ ምክንያቱም ይህን ጉዞ የሚገዙት ሦስት ሰዓቶች ናቸው። እነርሱም አትክልት ሥፍራው ውሻ የሚቀበልበት ሰዓት፣ ባሕሩ የሚጎድልበት ሰዓትና ፀሐይ የምትጠልቅበት ሰዓት ናቸው።

መመሪያውን በተጨባጭ ቦታ ላይ ለማሳየት ከለንደን ተነሥቶ በሃምፕሻየር ወደሚገኘው ወደ ኤክስበሪ አትክልት ሥፍራ፣ ከዚያም ጥቂት ደቂቃ በመኪና ወደሚያስኬደው ወደ ሌፕ ባሕር ዳርቻ የሚደረገውን ጉዞ እንደ ምሳሌ እንወስዳለን። ሁለቱም ኒው ፎረስት በሚባለው ሰፊ የጫካና የሜዳ አካባቢ ናቸው። ሌላ ቦታ ቢመርጡም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም።

ሰዓቶቹ ሁሉ የተጻፉት በእንግሊዝ አቆጣጠር፣ በ24 ሰዓት አጻጻፍ ነው። ከወዳጅ ጋር በአማርኛ ሲቀጣጠሩም የትኛውን አቆጣጠር እንደሚጠቀሙ አስቀድመው ይስማሙ፤ የስድስት ሰዓት ልዩነት ጎድሎ የጠበቁትን ባሕር ሞልቶ እንዲያገኙት ያደርጋል።

ደረጃ 1፦ ሦስቱን ሰዓቶች ማጣጣም

የአትክልት ሥፍራው ደንብ

«ውሻ ይፈቀዳል» የሚል ማስታወቂያ ብቻውን በቂ አይደለም። በአንዳንድ ሥፍራ ውሻ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፤ በሌላው ወደ ሜዳውና ወደ ጫካው እንጂ ወደ ዋናው አትክልት አይገባም። ለምሳሌ በኬንት በሚገኘው በሲሲንግኸርስት ውሻ በዙሪያው ባለው ሰፊ መሬት ላይ መሄድ ሲችል አበባው ወዳለበት የአትክልት ሥፍራ ግን አይገባም። በለንደን ኪው ጋርደንስ ደግሞ አካል ጉዳተኛን ለመርዳት ከሠለጠነ ውሻ በቀር ሌላ አይፈቀድም። በሰሪ የሚገኘው የዊንክወርዝ የዛፍ ሥፍራ ግን ማሰሪያ ያለውን ውሻ ይቀበላል፤ ኤክስበሪም በአጭር ማሰሪያ የተያዘ ውሻ ያስገባል።

ታሪካዊ ቤቶችንና አትክልቶችን የሚጠብቀው የበጎ አድራጎት ድርጅት ናሽናል ትረስት የሚያስተዳድራቸውን ሥፍራዎች በውሻ እግር ምልክት ይመድባቸዋል። አንድ ምልክት ያለው ቦታ ለውሻ ያለው ነገር ውስን ነው፤ ሦስት ምልክት ያለው ግን አብዛኛውን ክፍል ለውሻ ክፍት አድርጓል። ምልክቱን ካዩ በኋላም ቢሆን ስልክ ይደውሉና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በሚሄዱበት ዕለትና ሰዓት ውሻ ይገባል ወይ፣ የትኛው ክፍል ተከልክሏል፣ በሻይ ቤቱ ውስጥ ከውሻ ጋር መቀመጥ ይቻላል ወይ። ዕለቱን ለይተው የሚጠይቁበት ምክንያት በኦክቶበር መጨረሻ የሃሎዊን ዝግጅትና የምሽት መብራት ትርኢት በሚኖርባቸው ቀናት ብዙ ጊዜ የተለየ ደንብ ስለሚወጣ ነው። ኤክስበሪን የመሳሰሉ ሥፍራዎች ደግሞ በኖቬምበር መጀመሪያ ለክረምቱ ስለሚዘጉ የመዝጊያውን ቀን አብረው ይጠይቁ።

የባሕሩ ሰዓት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። በእንግሊዝ ዳርቻዎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ከሙላቱ እስከ ጉድለቱ በአማካይ ስድስት ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ በሚሆኑባቸው ቀናት አካባቢ ሙላቱ ከፍ፣ ጉድለቱም ዝቅ ይላል፤ ይህም ልዩነት ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በሴፕቴምበር መጨረሻ ሰሞን ይበልጥ ይሰፋል።

ለሚሄዱበት ዳርቻ የተዘጋጀውን ሰንጠረዥ ይክፈቱ። የአቅራቢያ ከተማ ስለሆነ ብቻ የሌላውን አይውሰዱ። በተለይ ሌፕ በሚገኝበት በሶለንት የባሕር መተላለፊያ የውሃው አካሄድ ከሌላው የተለየ ነው፤ ሙላቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይና ከዚያ በኋላ በፍጥነት ይሸሻል። ስለዚህ «ከሞላ ሦስት ሰዓት ሆኖታልና ግማሽ መንገድ ሄዷል» የሚለው ስሌት እዚያ አይሠራም።

ሌላም ወጥመድ አለ። በእንግሊዝ በበጋ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል፤ አንዳንድ ሰንጠረዦች ግን ዓመቱን ሙሉ በግሪንዊች ሰዓት ስለሚጻፉ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ድረስ አንድ ሰዓት መጨመር ያስፈልጋል። የሰንጠረዡን ግርጌ ያንብቡ፤ የበጋ ሰዓት ተጨምሮበት ከሆነ ይጽፈዋል።

ሰዓቱን ካወቁ በኋላ ባሕሩ በጣም ከሚጎድልበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ቀድመው ለመድረስ ያቅዱ፤ መጉደሉን ጨርሶ መመለስ ሲጀምርም ወደ መኪናዎ ያቅኑ። ውሃው እየሸሸ ሳለ የሄደ ሰው መመለሻ መንገዱ አይቆረጥበትም።

የባሕሩን ሰዓት ሲያዩ የአካባቢው አስተዳደር ስለ ውሻ ያወጣውንም ደንብ ይመልከቱ። ብዙ ዳርቻዎች ከሜይ 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ውሻ ይከለክላሉ፤ በኦክቶበር ጉዞው የሚመቸውም ለዚህ ነው። ሆኖም ዓመቱን ሙሉ የተከለከሉ ክፍሎች ስላሉ መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ሳያነቡ ውሻዎን አይልቀቁ። ደንቡን የጣሰ ሰው 100 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል።

የፀሐይዋ ሰዓት

በደቡብ እንግሊዝ በኦክቶበር አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው 18፡10 ገደማ ነው። የወሩ መጨረሻ እሑድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ ግን በአንድ ጊዜ ወደ 16፡45 ገደማ ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት የሠራልዎት መርሐ ግብር በዚህ ሳምንት በጨለማ ያስጨርስዎታል ማለት ነው። ከመጥለቂያዋ አንድ ሰዓት ቀድመው ከዳርቻው ይውጡ።

ሦስቱ ሲገጥሙና ሳይገጥሙ

ባሕሩ በጣም የሚጎድለው 14፡30 ላይ ነው እንበል። ከለንደን 7፡30 ቢነሡ በመካከሉ አርፈው 10፡00 ገደማ አትክልት ሥፍራው ይደርሳሉ፤ እስከ 12፡00 ይዘዋወራሉ፤ ምሳ በልተው 12፡45 ሌፕ ላይ ይሆናሉ፤ 15፡00 ላይ ውሻዎን እያጠቡ ነው። ከሁሉ የሚሻለው አካሄድ ይህ ነው፤ አሸዋና ጭቃ የለበሰ ውሻ ይዞ ከባሕር ወደ አትክልት መግባት ለውሻውም ለሌላውም ሰው አይመችምና።

ባሕሩ የሚጎድለው በጠዋት ከሆነ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡ፤ ነገር ግን ውሻውን አጥቦ ለማድረቅ አንድ ሰዓት ይመድቡ። ባሕሩ እኩለ ቀን ላይ የሚሞላ ከሆነ ጉዞውን በአንድ ሳምንት ያስተላልፉ። የባሕሩ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ በሳምንቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ይሸጋሸጋል፤ በዚህ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የሞላው ባሕር በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ጎድሎ ያገኙታል።

ደረጃ 2፦ ውሻው ለጉዞው መብቃቱን መመርመር

ከጉዞው አንድ ሳምንት ቀደም ብለው በሠፈርዎ መናፈሻ ውስጥ ይፈትኑት። ሌላ ውሻ በሚጫወትበት፣ የምግብ ሽታ ባለበት ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ይጥሩት። ካልመጣ በባሕር ዳርቻም አይመጣም፤ በዚያ ያለው ነፋስና የወፍ ድምፅ ከመናፈሻው የበረታ ነው። እንዲህ ያለውን ውሻ ከመልቀቅ ይልቅ አሥር ሜትር የሚረዝም ገመድ ይግዙለት፤ ገመዱንም ከአንገቱ ሳይሆን ሃርነስ ከሚባለው የደረት ማሰሪያ ጋር ያያይዙት። ሮጦ ገመዱ ሲያልቅበት አንገቱ እንዳይጎዳ ነው።

ቀጥሎ የሕጉን ነገር ያረጋግጡ። በእንግሊዝ ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ ውሻ ማይክሮቺፕ፣ ማለትም ከቆዳው ሥር የሚቀበር የመለያ ቺፕ፣ ሊኖረው ግድ ነው፤ በ1992 የወጣው ትእዛዝ ደግሞ በአደባባይ የሚሄድ ውሻ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ያለበት የአንገት ማሰሪያ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ቺፑ አለ ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ስልክ ወይም ቤት ቀይረው መዝገቡን ካላሳደሱ ያገኘው ሰው እርስዎን ሊደርስብዎ አይችልም። የመዥገር መከላከያውም ጊዜው አልፎ እንደሆነ የእንስሳት ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ መዥገር በጸደይና በዚህ ወቅት ይበረታል።

ከስድስት ወር በታች የሆነ ቡችላ፣ ያረጀ ወይም መገጣጠሚያው የሚያመው ውሻ ከሆነ ከሁለቱ ቦታዎች አንዱን ብቻ ይምረጡ። ውሻውን አድክሞ ሁለቱንም ማየት ለማንም አይበጅም ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 3፦ የሚያዘው ዕቃ

በዋዜማው ምሽት የሚከተሉትን ያዘጋጁ።

• አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን፣ ርዝመቱ የማይለዋወጥ ማሰሪያ። እየተሳበ የሚረዝመው ዓይነት በጠባብ የአትክልት መንገድ ላይ የሰው እግር ይጠልፋል፤ ውሻውም አበባ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው የሚያቆመው።
• ከደረት ማሰሪያ ጋር የተያያዘ ረጅም ገመድ።
• ለመጠጥ የሚሆን ንጹሕ ውሃ። ውሻ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ስለዚህ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ከ2 ሊትር ያላነሰ ይያዙ፤ በባሕር ዳር ጥማቱ ይጨምራልና።
• ለማጠቢያ አምስት ሊትር ውሃ በጀሪካን።
• ሦስት ፎጣ፣ የቆሻሻ መሰብሰቢያ ከረጢት፣ የመዥገር መንቀያ፣ ፋሻ።
• በአንገቱ የሚንጠለጠል ትንሽ መብራት፣ ለእርስዎም የእጅ ባትሪ።
• ለሚሄዱበት አካባቢ ቅርብ የሆነ፣ በሰንበትም የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ስልክና አድራሻ። በኒው ፎረስት የስልክ ኔትዎርክ በብዙ ቦታ ስለሚጠፋ በወረቀት ይጻፉት።

ስለ ራስዎ ምሳም አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ወጥ ይዘው የሚወጡ ከሆነ ውሻው እንዳይቀምስ ይጠንቀቁ። ሽንኩርት ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያበላሻል፤ ወጣችን ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ልጆች ከወጡ የራሰ እንጀራ በፍቅር ሲያጎርሱት እንዳይገኙ አስቀድመው ይንገሯቸው። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ስለሚሰነጠር አንጀት ይወጋል። ዘቢብ ያለበት ኬክና ቸኮሌት በከረጢት ተዘግተው መኪና ውስጥ ይቅሩ።

ደረጃ 4፦ መንገድ ላይ

ውሻውን ከመነሣትዎ ሦስት ሰዓት በፊት ቀለል አድርገው ያብሉት። የእንግሊዝ የመንገድ ደንብ ቁጥር 57 ውሻ በመኪና ውስጥ በማሰሪያ፣ በሳጥን ወይም በመከለያ እንዲያዝ ይመክራል፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ልቅ የሆነ ውሻ ወደ ፊት ይወረወራልና። በመንገዱ አጋማሽ ላይ አንድ ጊዜ ቆመው ያንሸራሽሩት። በሩን ከመክፈትዎ በፊት ማሰሪያውን በእጅዎ ይጨብጡ።

ኒው ፎረስት ሲገቡ ፍጥነትዎን ይቀንሱ። አጥር በሌላቸው መንገዶች ላይ ፈረሶች፣ ላሞችና አህዮች እንደ ልባቸው ይሻገራሉ፤ የፍጥነቱ ወሰንም በሰዓት 40 ማይል ነው። አመሻሽ ላይ ሲመለሱ ከዚያም በታች ይንዱ።

በባቡር የሚሄድ ሰው እስከ ሁለት ውሻ ያለ ክፍያ መያዝ ይችላል፤ ውሻው ግን በማሰሪያ ወይም በሳጥን መሆንና ወንበር ላይ አለመውጣት አለበት። ለባቡር ተጓዥ ጣቢያቸው ከባሕሩ አጠገብ የሆነ ከተሞች ከኤክስበሪ ይሻላሉ፤ ኤክስበሪ ከባቡር ጣቢያ ይርቃል።

ደረጃ 5፦ ከበሩ በፊት ሃያ ደቂቃ

ሁለት ሰዓት ተቀምጦ የመጣን ውሻ በቀጥታ ወደ አትክልት አያስገቡ። በመኪና ማቆሚያው ዳር በዝግታ እያሸተተ ይራመድ፣ ይጸዳዳ፣ ውሃ ይጠጣ። ትንፋሹ ሲረጋጋና ስሙን ሲጠሩት ዞር ብሎ ሲያይዎት ያኔ ይግቡ። አሁንም የሚጎትት ከሆነ ሌላ አሥር ደቂቃ ይጨምሩ።

ደረጃ 6፦ በአትክልቱ ውስጥ

ውሻውን በመንገዱ መካከል፣ ከአበባው ራቅ አድርገው ይምሩት። ዓይንዎ ከቅጠሉ ቀለም ይልቅ የውሻው አፍንጫ የት እንዳለ ላይ ይሁን፤ የዚህ ወቅት አደጋ መሬት ላይ ነው ያለው። የረገፈው ቅጠል ክምር ሥር ምን እንዳለ ስለማይታይ ውሻው አፍንጫውን አስገብቶ እንዲቆፍር አይፍቀዱለት።

የሚጠነቀቁላቸው ነገሮች

የኦክ ፍሬ ትንሽ ኮፍያ የደፋ የሚመስል አረንጓዴ ወይም ቡናማ ፍሬ ሲሆን ታኒን ስላለበት ሆድ ያውካል። ኮንከር የሚባለው አብረቅራቂ ቡናማ ፍሬ መርዝነት አለው፤ ከዚህም ሌላ ትልቅ ስለሆነ በትንሽ ውሻ አንጀት ውስጥ ይቀረቀራል። ዩ የሚባለው ጥቁር አረንጓዴ፣ ቀይ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ በአሮጌ አትክልቶች ውስጥ እንደ አጥር ተተክሎ ይገኛል፤ ቅጠሉም የፍሬው ዘርም ልብን የሚያቆም መርዝ አላቸው። ያለ ቅጠል ከመሬት ብቅ የሚለው የዚህ ወቅት ሐምራዊ አበባ ኮልቺከም እጅግ መርዛም ነው። አትክልተኞች ለጸደይ የሚቀብሯቸው የዳፎዲል ሥሮችም አዲስ በተቆፈረ አፈር ውስጥ ስላሉ ቆፋሪ ውሻ በቀላሉ ያገኛቸዋል። የሻገተ የቅጠልና የምግብ ክምር አጠገብም አያቁሙት፤ ሻጋታው የሚያንቀጠቅጥ መርዝ ያመነጫል።

እንጉዳይን ግን ለብቻው ላንሳው። የሚበላውን ከማይበላው ለመለየት አይሞክሩ፤ ለውሻ ሁሉም የተከለከለ ይሁን። ለሞት የሚያደርሰው ዓይነት በውሻው ላይ ምልክት የሚያሳየው ከበላው ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ጉበቱ መጎዳት ጀምሯል። «ደህና ነው፣ ምንም አልሆነም» ብሎ መጠበቅ የሚያስከትለው መዘዝ ከባድ ነው።

ከኩሬም አያጠጡት። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰ የሚመስል ንጣፍ ካዩ እስከ ኦክቶበር ድረስ ሊቆይ የሚችል መርዛም አልጌ ሊሆን ይችላል።

መርዛማ ነገር ቢውጥ

1. በአፉ ውስጥ የቀረውን በጣትዎ ያውጡ።
2. ከበላው ነገር ቅንጣቢ በከረጢት ይያዙ፤ የተክሉን ወይም የእንጉዳዩን ፎቶ ከላይም ከሥርም ያንሡ።
3. ወዲያውኑ ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ። በ24 ሰዓት የሚሠራው የእንስሳት መርዝ ምክር መስመር 01202 509000 ነው፤ ምክሩ በክፍያ ነው።
4. ሐኪም ሳያዝ እንዲያስታውክ ለማድረግ አይሞክሩ። በተለይ ጨው የበዛበት ውሃ አያጠጡት፤ ጨው ራሱ ሊገድለው ይችላል።

ደረጃ 7፦ ከአትክልቱ ወደ ባሕሩ

በዚህ መካከል ኒው ፎረስትን ስለሚያልፉ በጫካው ዳር ለምሳ ያርፉ ይሆናል። ውሻውን ከማሰሪያው አይፍቱት። ፈረሶቹና አህዮቹ ባለቤት ያላቸው ናቸው፤ ከ2023 ጀምሮ እነርሱን መመገብም መዳሰስም በአካባቢው ደንብ የተከለከለ ነው። በዚህ ወቅት ደግሞ ቢያንስ ለ60 ቀናት አሳማዎች ወደ ጫካው ይለቀቃሉ፤ የኦክ ፍሬ ለፈረሶችና ለላሞች መርዝ ስለሆነ እነርሱ ለቅመው ይበሉታል። ግልገሎቿን የያዘች እናት አሳማ ውሻን ታጠቃለች፤ ካዩዋት በሰፊው ዞረው ይለፉ።

ላሞች ቢያሳድዱዎት ማሰሪያውን ይልቀቁት። ለባለ ውሻ ይህ ይከብዳል፤ ሆኖም ላሞቹ የሚከተሉት ውሻውን ነው፤ እርሱም ከእርስዎ ፈጥኖ ያመልጣል። ይዘውት ከቆዩ የሚረገጡት እርስዎ ነዎት።

ደረጃ 8፦ በባሕር ዳርቻ

መጀመሪያ ቆመው ይመልከቱ

ከመኪናው ወርደው አምስት ደቂቃ ያህል ባሕሩን ይመልከቱ። ውሃው እየሸሸ ነው ወይስ እየመጣ? እርጥቡ ድንጋይ ከውሃው ጠርዝ በላይ ሰፍቶ ከታየ እየሸሸ ነው። መመለሻ መንገድዎን፣ ደረጃው ያለበትን ቦታ፣ ለስላሳው ጭቃ የት እንደሚጀምር ይለዩ። በሶለንት ዳርቻ ውሃው ሲጎድል የሚገለጠው ጭቃ ከላይ ጠንካራ መስሎ ሰውንም ውሻንም ይውጣል፤ በጠጠሩ ላይ ብቻ ይሂዱ።

ከኤክስበሪ ይልቅ በምሥራቅ ሰሴክስ ወደሚገኙት የባሕር ገደሎች፣ ወደ በርሊንግ ጋፕና ሰቨን ሲስተርስ፣ የሚሄድ ሰው በኖራ ገደሉ አናት ላይ ውሻውን ፈጽሞ አይልቀቅ። የገደሉ ጠርዝ ከሥሩ ተቦርቡሮ በአየር ላይ የተንጠለጠለበት ቦታ አለ፤ ከላይ ሆኖ አይታይም። ወፍ የተከተለ ውሻ ደግሞ ጠርዙን አይመለከትም። ከገደሉ ሥርም አይቀመጡ፤ ኖራው ያለ ማስጠንቀቂያ ይናዳል።

ወፎቹን ማክበር

ከኦክቶበር ጀምሮ እስከ ጸደይ ድረስ ከሳይቤሪያ የመጡ ብሬንት የተባሉ ዝይዎችና ሌሎች ወፎች በሶለንት ዳርቻ ያርፋሉ። ወፎቹ ረጅም መንገድ በርረው የመጡት ለመመገብ ነው፤ ውሻ ባስነሣቸው ቁጥር ለክረምቱ የሚያከማቹትን ኃይል ያጠፋሉ። ወፎች ተሰብስበው ካዩ ውሻውን ይሰሩትና ራቅ ብለው ይለፉ። ይህን በጣም አጥብቄ የምለምነው ነገር ነው።

ጨዋታውና የጨው ውሃ

ውሻው በባሕር ውስጥ ኳስ ወይም እንጨት ሲያመጣ በእያንዳንዱ ጊዜ ጥቂት የጨው ውሃ ይውጣል። ስለዚህ ከ15 ደቂቃ በላይ በተከታታይ አያጫውቱት፤ ጠርተው ንጹሕ ውሃ ይስጡት፤ አሥር ደቂቃ ያሳርፉት። አሸዋ የሚያጣብቅ ጸጉራም ኳስም አልመክርም፤ ከኳሱ ጋር የሚዋጥ አሸዋ አንጀት ውስጥ ተጠራቅሞ ሊዘጋው ይችላል።

ጨው የበዛበት ውሻ ያስታውካል፤ ያስቀምጠዋል። አንድ ጊዜ አስታውኮ ንቁ ከሆነ ንጹሕ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ይስጡት እንጂ አንድ ሳሕን ሙሉ በአንድ ጊዜ አያጠጡት። እየተንገዳገደ ወይም እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ግን ጉዞውን አቁመው በቀጥታ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።

ከማዕበል በኋላ

ማዕበል ካለፈ በአሸዋው ላይ ነጭ ወይም ቢጫማ፣ እንደ ሻማ ሰም ያለ እብጥ ቁራጭ ያገኙ ይሆናል። ቀረብ ብለው ቢያዩት ውጩ በጠጠርና በባሕር ሣር ተለውሶ ውስጡ ለስላሳ ስብ ነው፤ አንዳንዴ የነዳጅ ሽታ አለው። ይህ መርከቦች የሚያጥቡት የዘንባባ ዘይት ነው። ውሻ ሽታውን ይወደዋል፤ ከበላው ግን በጠና ይታመማል። ካዩት ውሻውን ይሰሩት፤ ከበላ በደረጃ 6 የተጻፈውን ይከተሉ።

የዓሣ መንጠቆ ከንፈሩ ወይም እግሩ ላይ ከተሰካም አይሳቡት። የተያያዘውን ክር አንድ ስንዝር አስቀርተው ይቁረጡና ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ ክሩን የዋጠ ከሆነም ከአፉ የወጣውን ጫፍ አይጎትቱ።

ውሃ ቢወስደው ወይም ጭቃ ቢይዘው

ተከትለው አይግቡ። ብዙ ጊዜ ውሻው ራሱ ዋኝቶ ሲወጣ ሊያወጣው የገባው ሰው ነው የሚቀረው። በቀላሉ ሊወጣበት ወደሚችል ቦታ ሄደው ከዚያ ሆነው በረጋ ድምፅ ይጥሩት። መውጣት ካቃተው ወደ 999 ወይም 112 ይደውሉና ኮስት ጋርድ የሚባሉትን የባሕር ዳርቻ ጠባቂዎች ያስጠሩ፤ ለውሻ ብለው መደወል አያሳፍርም፤ ሰው ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ሲሉ እነርሱ ራሳቸው የሚፈልጉት ነገር ነው።

ቢጠፋ

ለመጨረሻ ጊዜ ያዩበት ቦታ ላይ አንድ ሰው ይቁም፤ ሌላው ይፈልግ። ልብስዎን ወይም የውሻውን ፎጣ እዚያ ያስቀምጡ፤ ሽታውን ተከትሎ ይመለሳልና። ከመምሸቱ በፊት ለቺፑ መዝገብ፣ ለአካባቢው አስተዳደርና በአቅራቢያ ላሉ የእንስሳት ሐኪሞች ያሳውቁ። ያየው ሰው እንዳያሳድደው ይንገሩ፤ የደነገጠ ውሻ ባለቤቱንም ይሸሻል። በኖቬምበር 5 ሰሞን ርችት ከምሽቱ ጀምሮ ስለሚተኮስ በዚያ ሳምንት ውሻውን ከቀትር በኋላ ከማሰሪያ አለመፍታት ይሻላል።

ደረጃ 9፦ ወደ መኪናው ሳይገቡ

በጀሪካኑ ውሃ መጀመሪያ እግሮቹን፣ ቀጥሎ ሆዱን፣ መጨረሻ ጀርባውን ያጥቡት። ጨው ቆዳው ላይ ከደረቀ ያሳክከዋል፤ ሲልሰውም ይውጠዋል። ጆሮውን በፎጣ ጫፍ ያድርቁ። በማሰሪያው ሥር ያለውን ጸጉር አይርሱ፤ እርጥበት ይዞ የሚቆየው እዚያ ነው። ከዚያ ውሃ አጠጥተው፣ በደረቅ ፎጣ ላይ አስተኝተው ይንዱ።

ደረጃ 10፦ ማታ እና በሚቀጥሉት ቀናት

ቤት እንደገቡ በብሩህ መብራት ሥር ከአፍንጫው እስከ ጭራው በጣትዎ ይዳስሱት። መዥገር ከጆሮው ሥር፣ ከብብቱ፣ ከእግር ጣቶቹ መካከል ይገኛል። መንቀያውን ከቆዳው ጋር አስጠግተው ያስገቡ፤ እያዞሩ በዝግታ ያንሡት፤ አይጭመቁት፤ ዘይትም ክብሪትም አይጠቀሙ። የመዥገሩ ጭንቅላት ቆዳው ውስጥ ከቀረ ሐኪም ያሳዩ።

የእግር ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ይመልከቱ። በጣቶቹ መካከል ባለው ስስ ቆዳ ላይ እንደ በርበሬ ዱቄት የረገፈ የሚመስል ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካዩ ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር የሚፈሉ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው፤ ነጥብ ነጥቡ ሁሉ ሕያው ነው። ውሻው እግሩን አጥብቆ የሚልስበት ምክንያት እነርሱ ናቸው። እግሩን ያጥቡት፤ ማሳከኩ ካልተወው ሐኪም መድኃኒት ያዝለታል።

በጫካ ከተንሸራሸሩ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ብርቱ ትውከት፣ ተቅማጥና መዛል ከታየበት አይዘግዩ። በኦገስትና በኖቬምበር መካከል በኖርፎክና በኖቲንግሃምሻየር ጫካዎች፣ ለምሳሌ በቴትፎርድና በሸርውድ፣ በሄዱ ውሾች ላይ መንስኤው በውል ያልታወቀ የወቅቱ ሕመም ታይቷል፤ ፈጥኖ ሐኪም ያየው አብዛኛው ይድናል።

አላባማ ሮት የሚባለውን በሽታም ይወቁት። በብሪታንያ የታወቀው በ2012 ነው፤ ብርቅ ነው፤ በብዛት የሚታየው ከኖቬምበር እስከ ሜይ ጭቃ በሚበዛበት ጊዜ ሲሆን ኒው ፎረስት ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጭቃ ሳይደርቅ ማጠብ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ለሁለት ሳምንት ያህል የእግሩን ታችኛ ክፍል፣ ሆዱንና አፉን በየምሽቱ ይመልከቱ። ቁስሉ ከተቆረጠ ወይም ከተነከሰ ቦታ የተለየ፣ ያለ ምክንያት የወጣ ክብ ቀይ ቁስል ወይም እብጠት ከሆነ ከጥቂት ቀናት በኋላ ኩላሊትን ሊያጠቃ ስለሚችል በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይውሰዱት፤ ውሻው መቼና የት እንደተንሸራሸረም አብረው ይንገሩት።